የፊታውራሪው ውሻ ወገብ

ፊታውራሪ ጓንጉል ወደ ከተማ ሲሄዱ አዳኝ ውሻቸውን ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ጭሰኛ አደራ ሰጡ። የዓመቱን እህል ከጎተራዋ በአጋሰስ አስጭነው ከጨረሱ በኋላ አያያዙን ነገሯት፦ ከምድጃው አጠገብ በአጎዛ ላይ ይተኛል፣ ጠዋት ወተት ይጠጣል፣ ማታ ሥጋ ይበላል፣ በሳምንት አንዴ ይታጠባል። ከዚያም የውሻውን ወገብ በገመድ ለክተው፣ የደረሰበት ላይ ቋጠሩ።

"ስመለስ ከዚህ ቋጠሮ በአንድ ጣት ቢጎድል መሬቴን ትለቂያለሽ" አሏት።

በቤቱ የነበረው አጎዛ አንድ ስለሆነ ውሻው እሱ ላይ ተኛ፤ እሷ ባዶ መደብ ላይ ከረመች። ከሦስት ወር በኋላ ፊታውራሪ ተመልሰው ገመዱን ቢያዞሩት፣ ውሻው ከመክሳቱ የተነሳ ቋጠሮው በስንዝር አለፈ።

"አንቺ ሴትዮ! ምን እያበላሽ ነው እንዲህ ያደረግሽው?" ብለው ጮኹባት።

"እርስዎ የተዉልኝን ነዋ ጌታዬ" አለች ሴትዮዋ ረጋ ብላ። "ያውም እኩል ተካፍለን። ካላመኑኝ ይኸው መቀነቴ፤ ሲሄዱ ሁለት ዙር ነበር የሚዞረኝ፣ ዛሬ ሦስት ዞሮኝም ይተርፋል። እሱስ ታድሏል፤ መክሳቱን የሚለካለት ጌታ አለው።"