ከጋቢው ሥር ያለው ቅጠል

አንድ ጥያቄ ይታይሽ በምትባል ልጅ ሆድ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር፦ በጓሯቸው ከበቀለው ሁሉ ውሻ ቢበላው የማይጎዳው የትኛው ነው? የሚጎዳውስ?

ጥያቄው ቀላል ይመስል ይሆናል። የይታይሽ አባት አያ መኳንንት ግን በአገሩ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ብለው ስለሚያምኑ፣ ጓሮው ውስጥ ያለውን ሁሉ «ቅጠል» ብቻ ነበር የሚሉት። ወዲህ ያለውም ቅጠል፣ ወዲያ ያለውም ቅጠል። ሌባ ገብቶ ቢቀጥፍ እንኳ እንዳይለየው ብለው መርዛማውን ከመድኃኒቱ ጋር አቀላቅለው ተክለውታል።

ይታይሽ ከመጽሐፍ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ማውራት የማይሆንላት ዓይናፋር ነበረች። «ቅጠል ነው» ሲሏት «እሺ» ብላ ወደ ንባቧ ትመለሳለች። ዳኛው የሚባለው ውሻቸው ግን «እሺ» ማለት አያውቅም። ሆዱን ባመመው ቁጥር ጓሮ ገብቶ ያገኘውን ያላምጣል።

አንድ ቀን ጎረቤት ሠርግ ነበር። አያ መኳንንት ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ሲበሉ ይታይሽ እያለከለከች ገባች። በእጇ የተነከሰ ቅጠል ጨብጣለች። ሰዉ ሁሉ ዘወር ሲልባት ድምጿ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

«ዳኛው እየተንገዳገደ ነው። ከጓሮ የሆነ ነገር በላ።»

ከታዳሚው መካከል የእንስሳት ሐኪሙ አላምረው ብድግ አለ። «ምን በላ?»

«ቅጠል።»

«የምን ቅጠል?»

«እንጃ፤ ይኼን…»

እጇን ሳትዘረጋ አያ መኳንንት ነጠቋትና ጋቢያቸው ሥር ሸጎጡት።

«አባዬ!»

«ዝም በይ! በሰው ፊት?»

«ያሳዩኝ እንጂ፣ አያ መኳንንት» አለ ሐኪሙ። «የበላውን ካላወቅሁ እንዴት ላክመው?»

«በግምት አክመው።»

«በግምት?»

«ሐኪም አይደለህም እንዴ? ታዲያ ምን ተማርክ?»

ከማዶ የተቀመጡት አያ ደምለው፣ እሳቸውም መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ፣ አንገታቸውን አሰገጉ። «መኳንንት፣ ግለጠው እንጂ! እንቁላል ታቀፍክ እንዴ?» ሲሉ ዳሱ ሙሉ ሰው አውካካ።

«ይኸው! እሱ እዚህ ተጎልቶ አልገልጥም!»

«እሺ፣ በጆሮዬ ይንገሩኝ» አለ ሐኪሙ።

አያ መኳንንት ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። ዳሱም አብሮ ጠጋ አለ። አዝማሪው ሳይቀር ማሲንቆውን አቁሞ አዘነበለ። አያ መኳንንት ቀና ብለው ሲያዩ ሁሉም ሰው ጆሮ ሆኗል፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

በዚህ መሃል ዳኛው ራሱ ገባ። እንደ ሰካራም እየተወላገደ መጣና የዳሱን ምሰሶ በቁጣ ጮኸበት። ሰዉ ሳቀ። አያ መኳንንት ግን «ዳኛው!» ብለው ጠሩት። ድምፃቸውን ሲሰማ ጅራቱን ይቆላ የነበረው ውሻ፣ ዛሬ እንደማያውቃቸው ሁሉ አልፏቸው ባዶውን አየ። ከዚያ እግሮቹ ከዱትና ወደቀ። ሳቁ ቆመ።

ይታይሽ በሰው ፊት ጮኻ አታውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ጮኸች። «አባዬ፣ ከማን ነው የሚደብቁት? እኔም አላውቀው፣ ዳኛውም አላወቀው!»

አያ መኳንንት ጋቢያቸውን ገለጡ። «አስተናግር ነው፤ አእምሮ የሚያስተው መርዝ» አሉ ቀስ ብለው።

«አስተናግር?» አሉ አንዲት አሮጊት። «ይኼማ በኔም አጥር ሥር ሞልቷል!»

«በእኛም ደጅ!» አለ ሌላው።

«ታዲያ ያን ጊዜ ከጓሮህ የወሰድኩት…» ብለው ጀመሩ አያ ደምለው። ወዲያው ትልቅ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ወተፉ።

ሐኪሙ ግን ስሙን እንደሰማ ውሻውን ታቅፎ ሮጧል። ዳኛው ብዙ ተሠቃየ፤ በመጨረሻ ዳነ። ስሙ ትንሽ ዘግይቶ ቢጠራ ኖሮ ግን አይተርፍም ነበር።

ከሌባ የተደበቀ እውቀት አስቀድሞ የሚጎዳው ቤተኛን ነው። ሌባማ ፈርቶ፣ ተጠንቅቆ ይገባል፤ ተማምኖ የሚበላው የገዛ ውሻችን ነው። እርስዎስ፣ የሚያውቁትን አደጋ ለቤትዎ ሰው በስሙ ጠርተው ነግረውታል?

ይታይሽ በበኩሏ የጓሮውን በር ከፍታ ጎረቤቱን ሁሉ ልትጠራ ወሰነች። አባቷን ከጎኗ አቁማ፣ ድምጿ ቢንቀጠቀጥም፣ እያንዳንዱን ተክል ጮክ ብላ በስሙ ልትጠራው፤ የሚጎዳውን ነቅላ ልትቀብረው፤ እሷም አባቷም የማያውቁት ሲያጋጥማት ደግሞ «ይኼን አናውቀውም» ብላ ዙሪያውን ልታጥረው።