የአያ ጅቦ ጡረታ

አንድ ጊዜ፣ እግዜር ለየጎሮሮው በሚሰጥበት በዚያ ደግ ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ነበረ። ጉልበቱ ሙሉ፣ ጥርሱ ወፍጮ ነው። የወደቀ በሬ ካገኘ ቀንዱን እንኳ አያስተርፍም። ነገ የሚባል ቀን መኖሩንም አያውቅም።

አንድ ቀን ወንዝ ሲወርድ አያ አንበሶን አገኘው። ያ አገር ሲያንቀጠቅጥ የኖረ አንበሳ አርጅቶ፣ ድንጋይ ሥር ተጋድሟል።

«ምነው አያ አንበሶ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ፌንጣ አድናለሁ።»

«ያዝክ ታዲያ?»

«ትናንት አንዷን ይዤ ነበር። ታግላ አመለጠችኝ።»

«ያን ሁሉ የጣልከውን ጎሽ ምን አደረግከው?»

«በላሁት። ምን ላድርገው ኖሯል፣ ላሳድገው?»

ጅቦ ያን ቀን ምግብ አልወርድ አለው። እውነቱን ለመናገር ወርዶለታል፤ ግን እያሰበ ነው የበላው። በልቶ ሲጨርስ ቀጥ ብሎ እመት ቀበሮ ዘንድ ሄደ። እመት ቀበሮ አታርስ፣ አታድን፤ ምክር እየሸጠች ነው የምትኖረው።

«እመት ቀበሮ፣ ሳረጅ ምን እበላለሁ? ጧሪ የለኝም።»

«ልጆች አልወለድክም?»

«ወልጃለሁ። ግን ጅቦች ናቸው።»

«እንግዲያስ ቆጥብ።»

«ሥጋ ልቅበር?»

«ትቀብረውና ማታውኑ ቆፍረህ ታወጣዋለህ፤ አውቅህ የለ። በእግሩ የሚሄድ ቁጠባ ያዝ። አህያ ያዝ። አትብላት፣ አወፍራት። ሳር ትበላለች፣ ሳሩ ሥጋ ይሆናል። አንተ ስትደክም እሷ ትደርሳለች።»

ጅቦ ምራቁ ተዝረከረከ።

«የምክሬ ዋጋ ደግሞ፣ ካደንከው ሁሉ ጭኑ የኔ ነው» አለች ቀበሮ።

«እስከ መቼ?»

«እስክታረጅ ነዋ።»

ከጭን ሌላ ብዙ ሥጋ አለ ብሎ ተስማማ።

ከመንደሩ ዳር አንዲት ገጣባ አህያ ነበረች። ጀርባዋ ስለቆሰለና ጭነት ስላልቻለች ባለቤቷ ሜዳ ላይ ለቋታል። ጅቦን ስታየው ዓይኗን ጨፈነች።

«እመት አህያ፣ እንደምን አለሽ?»

«እግዜር ይመስገን። ልትበላኝ ነው?»

«ዛሬ አይደለም። ሳረጅ ነው።»

«መቼ ታረጃለህ?»

«እሱ ያውቃል።»

«እንግዲያስ እሱ ዕድሜህን ያርዝመው» አለች። ይህን ያለችው ከልቧ ነው።

«እስከዚያ ሌላ ጅብ እንዳይነካሽ እኔ እጠብቅሻለሁ። ቀኑ ሲደርስ ግን እምቢ እንዳትይኝ።»

አህያ አሰበች። ዛሬ ከሚበላ፣ ሲያረጅ የሚበላ ይሻላል። «ቃሌ ነው» አለች። «ነገር ግን ሳር ፍለጋ ስዞር እከሳለሁ።»

«መክሳትማ እኔም አልወድልሽም» አለና ጅቦ ሳር ማጨድ ጀመረ። ማጭድ የለው፣ በጥርሱ ነው የሚያጭደው። አጥንት ሲሰባብር የነበረ ጥርስ ከነጠጠሩ ከነአሸዋው ሳር ይነጭ ገባ። ውሃ መውረድ ያከሳኛል አለች፤ እንስራ አዝሎ ቀዳላት። አቀበት ያከሳኛል አለች፤ እሷኑ አዘላት። ገበያተኛው አህያ ያዘለ ጅብ ሲያይ አማትቦ መንገድ ይለቃል።

«ቀስ በል እንጂ አያ ጅቦ» ትለዋለች ከላይ ሆና። «እንዲህ ስታንገጫግጨኝ ስቤ ይቀልጣል።»

«ይቅርታ እመቴ።»

አንድ ቀን የጅቦ አጎት ሌሎች ጅቦችን አስከትሎ መጣ። «አንተ ምናምንቴ፣ ራትህን አዝለህ ትዞራለህ?»

«ራቴ አይደለችም፤ ጡረታዬ ናት።»

«እንግዲያስ በመብላቱ እናግዝህ።»

ጅቦ ነከሳቸው፣ እነሱም ነከሱት። አህያይቱ ተረፈች፤ የጅቦ ክራንቻ ግን እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ። የቀረው ጥርሱም ሳሩ መካከል አንድ አንድ እያለ ረገፈ፤ እሱ ጠጠር እየመሰለው እንትፍ ይለዋል። ካደነው ሥጋ ያለበትን ሁሉ ቀበሮ «ጭን ነው» እያለች ስለምትወስድ፣ ለእሱ የሚተርፈው አንጀትና ደም ነው፤ ይህም ማኘክ ስለማይፈልግ ምንም አልጠረጠረም።

አህያ ቁስሏ ዳነ፣ ጠጉሯ አብረቀረቀ፣ ዳሌዋ ሰፋ። ጅቦ ሳሩን ያቀርብላትና ፊት ለፊት ተቀምጦ ዳሌዋን እያየ «ተመስገን» ይላል፤ ሆዱ ይጮሃል።

ዘመን ሄደ። አንድ ቀን እሷን አዝሎ አቀበቱን ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው፤ ተንበርክኮ ቀረ።

«እመት አህያ፣ ውረጂ። አረጀሁ።»

ወረደች። «ደረሰ ማለት ነው?»

«ደረሰ።»

ወደ ምሥራቅ ዞራ ጸለየችና ሳሩ ላይ ጋደም አለች። «ቃሌን አላጥፍም። ከየት ትጀምራለህ?»

«ከዳሌሽ። ስንት ዘመን ሳየው የኖርኩት እሱን አይደል።»

አፉን ከፍቶ ነከሰ። አህያ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። እንደገና ነከሰ።

«አያ ጅቦ፣ አትኮርኩረኝ። ጀምር እንጂ።»

«እየበላሁሽ ነው።»

«እየላስከኝ ነው።»

ጆሮዋን ሞከረ፤ ተንሸራቶ ከአፉ ወጣ። ጅራቷን ሞከረ፤ አነቀው። ያን ጊዜ ምላሱን አፉ ውስጥ ዙሪያውን ቢልከው፣ ከዳር እስከ ዳር ድድ ብቻ ሆኖ አገኘው።

እመት ቀበሮን አስጠራት። መጥታ አህያይቱን ዙሪያዋን አየቻት።

«እንዲህ ያለ ቁጠባ በአገሩ የለም። ምን ጎደለህ?»

«ጥርስ።»

«እኔን ያማከርከኝ ስለ ሥጋው ነው። ስለ ጥርሱ መች ጠየቅከኝ?» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ጅቦ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «እመት አህያ፣ ራበኝ።»

«ምን ላድርግህ? ተኝቼልህ የለ።»

«ብትሞቺልኝስ?»

«ብሞትስ በምን ታኝከኛለህ?»

ጅቦ ልቅሶውን ቀጠለ። እሷም አዘነችለት፤ ስንት ዘመን ሲጦራት የኖረው እሱ ነው። ብድግ አለች፣ ሳር ነጨች፣ አድቅቃ አኘከችና «በል አፍህን ክፈት» አለችው።

«ሳር ነው እኮ።»

«ሌላ ምን አለህ?»

አፉን ከፈተ። ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ አያ ጅቦ ረፋድ ላይ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ለእርጅናው ያስቀመጠው ሥጋ ከፊቱ ቆሞ ሳር ያኝክለታል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለእርጅና የምናስቀምጠው ነገር በዛሬው ጥርሳችን ሳይሆን በነገው ድዳችን የሚበላ መሆን እንዳለበት ነው።