የጓንጉል ወገብና የደባልቄ እጅ

«ቆዳውን ይዘው መጡ?» አለ ደባልቄ፣ ከምንጩ ዳር ቀና ብሎ።

«ከቆዳዬ ሌላ ምን ቀረኝ ብለው ነው፣ ጌታዬ!» አለ ጓንጉል፣ ዱላውን በሁለት እጁ ተደግፎ። «አጥንቱማ ከድቶኛል።»

ደባልቄ የእንግዳውን ብብት አየ፣ ትከሻውን አየ፣ ከኋላው የመጣበትን መንገድ ሳይቀር አየ። የተጠቀለለ ቆዳ የለም። የቆመው እንደ ማጭድ የጎበጠ አንድ ሽበታም ሰው ብቻ ነው።

በእንኮይ በር ዛሬ ትልቁም ትንሹም የሚላት አንዲት አባባል አለች። ገበያ ላይ ይሏታል፤ ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡም፣ አባት በሆዱ ይላታል። ከአንድ ሰው ወገብ እንደ ወጣች ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የወጣችው ከጓንጉል ወገብ ነው፤ ስትወጣም እሱ እየጮኸ ነበር።

ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። ገንፎ ሳይበርድለት አፉን የሚያቃጥል፣ ቄሱ ምርቃቱን ሳይጨርሱ «አሜን» ብሎ የሚነሣ ዓይነት ሰው ነው። ሚስቱ የሞተችበት ልጁ እናኑ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ሌላ ሳያገባ አሳደጋት። ሹሩባዋን ሳይቀር ራሱ ይሠራላት ነበር፤ በመቸኮሉ አንዱ ጎን ወፍራም ሌላው ቀጭን እየሆነ፣ ልጅቷ በሰፈሩ መሳቂያ ሆና አደገች። ይህችው ልጅ ከአራት ዓመት በፊት ማዶ ተዳረች።

ማዶው በዓይን ቅርብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከገደሉ ባሻገር የእናኑ ቤት ቆርቆሮ ብልጭ ይላል። ጓንጉል በሩ ላይ ቆሞ «ተነሣች» ይላል ለራሱ። ሲደመን «ዛሬ አርፍዳለች» ይላል። በእግር ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወዲያኛውን ዳገት ለመውጣት ሁለት ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት ወንዙ ሞላ። ሁለተኛው አዝመራ ነበር። በሦስተኛው በቅሎው ሞተችበት። እንዲህ ሲል አራት ዓመት በዓይኑ እየሄደ በእግሩ ሳይሄድ ቀረ።

በዚህ መካከል መልእክት መጣ። እናኑ ወንድ ልጅ ወልዳለች። «አርባው ሲሞላ ክርስትና ነው» ብላ ላከችበት። «የቤት ስሙን ግን አባቴ መጥቶ፣ ታቅፎ ያውጣለት። አባቴ ካልደረሰ አማቶቼ ያወጡለታል።»

ጓንጉል ስሙን በዚያው ሌሊት አገኘው። ለማንም አልነገረም፤ ስም ሕፃኑ ጆሮ ሳይገባ ሰው ጆሮ ከገባ ይረክሳል ባይ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን በከንፈሩ ይለዋል። ውኃ ሲጠጣ ይለዋል፣ ጫማውን ሲያስር ይለዋል።

አርባው ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ለአራሷ ገንፎ የሚሆን ገብስ በጆንያ ሞልቶ በተዋሳት በቅሎ ላይ ሊጭን ብድግ አደረገው። ሰው ጠርቶ ቢያነሣው ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጆንያው ወደቀ፤ ጓንጉልም ተከተለው።

ለእንዲህ ያለው ነገር እንኮይ በር ወጌሻ አላት። መንበሩ ይባላሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሙያውን ከአባታቸው የተማሩ፣ ከሦስት ወረዳ ሰው የሚመጣባቸው ናቸው። በዚያ ሐሙስ ግን ከዛፍ የወደቀ ሰው እግር ሊጠግኑ ቆላ ወርደዋል። «እሁድ ይመለሳሉ» አሉ የቤታቸው ሰዎች።

እሁድ! ጓንጉል እሁድን እንዴት ይጠብቃል? ከጥቂት ወራት በፊት ስለ መጣው እንግዳ እጅ ሲወራ ሰምቶ ነበር፤ እንደ ልማዱ ግን እስከ መጨረሻው አላዳመጠም። እየተጎተተ ወደ አጥሩ ተጠጋና ጎረቤቱን ብርቄን ጠራት።

«ብርቄ! ያ ከምንጩ ዳር የሰፈረው እንግዳ ሥራው ምንድን ነው?»

ብርቄ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበርና ቀና ሳትል «ያሻል» አለች።

«ያሻል?»

«አዎ፣ ያሻል። እጁን ያየህ እንደሆነ! ድንጋይ የሆነውን ብትሰጠው ጨርቅ አድርጎ ነው የሚመልስልህ።»

«በስንት ቀን?»

«እንደ ድርቀቱ ነዋ። የእኔንማ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያቆየው። አሁን ብታየው እንደ ሐር ይተጣጠፋል።»

ጓንጉል የብርቄን ባል አሰበ። ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ነውና ከሰነበተ አላየውም፤ ባለፈው ሲለያዩ ግን ወገቡን ይዞ ነበር። «ወይ መታደል!» አለ ጓንጉልና ዱላውን አንሥቶ ወደ ምንጩ አዘገመ። ብርቄ የፍየል ቁርበቷን እያሞገሰች መሆኑን ለመናገር ምንም አልቀራትም ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጨምር ትነግረው ነበር። የሚጠይቃት ግን አልነበረም።

እነሆ አሁን ከደባልቄ ፊት ቆሟል።

«እኔ እኮ ጌታዬ፣ የማሸው...» ብሎ ጀመረ ደባልቄ።

«አውቃለሁ! ሁሉን ነግረውኛል።»

«ማን ነገረዎት?»

«ብርቄ ናት። የእሷን እንደ ሐር አድርገውላታል።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ደባልቄ። በሙያው አይዋሽም። «ነገር ግን የእሷ...»

«የእኔም እንደ እሷ ይሁንልኝ! ዘጠኝ ቀን ነው ያለኝ፣ ሁለቱ መንገድ ነው። በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ጌታዬ፣ ይሹኝ ብቻ!» አለና ጓንጉል ቆዳ በሚለፋበት ሰፊ ድንጋይ ላይ በሆዱ ተዘረጋ፤ ሸሚዙንም ገለጠ።

ደባልቄ ቆሞ ቀረ። እንኮይ በር ከመጣ አምስት ወሩ ነው። ሰው ቆዳውን በአጥር ላይ ያቀብለዋል፣ ሲለፋም በአጥር ላይ ይቀበለዋል። እጁን የጨበጠው የለም። ሠርግ ቢሆን፣ ማኅበር ቢሆን፣ «ና፣ ቅመስ» ያለው የለም። አሁን አንድ ሽበታም ሰው «ጌታዬ» ብሎ ጀርባውን አምኖ ሰጥቶታል። «እኔ ቆዳ አልፊ ነኝ» ማለት ነበረበት። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እጁን ሲያሳርፍ ጀርባው ሞቀው። ደባልቄ ሃያ ዓመት ሙሉ የነካው ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር። ቃሉን ዋጠው።

የኑግ ዘይቱን አመጣና ደህና አድርጎ አፈሰሰ። ከዚያ በኋላ እጁ የሚያውቀውን ሠራ፤ እጅ ከሚያውቀው ሌላ ምን ይሠራል?

«ይህን እጅዎን ወደዚያ ይዘርጉት። ያንን እግርዎን ወደዚህ።»

ጓንጉል እንደ ተወጠረ ቆዳ በአራት ማዕዘን ተዘረጋ። ችካል ብቻ ቀረው። ደባልቄ በመዳፉ ጀመረ፣ በጡጫው ቀጠለ፣ በክርኑ ሄደበት።

«እንዴት ነው?»

«ኧረ... ደግ ነው... ብርታትዎ!» አለ ጓንጉል ጥርሱን ነክሶ። ዓይኑን ጨፍኖ ማዶውን እያየ ነበር። ሕፃኑን ሲያቅፍ፣ ስሙን በጆሮው ሲነግረው ይታየዋል። ይህን እያየ የደባልቄን ጉልበት ቻለ።

ቆዳ ግን በእጅ ብቻ አይለፋም፤ ይረገጣል። ደባልቄ በተረከዙ ወጣበት።

ምንጩ ዳር ውኃ የሚቀዱት ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው እንስራቸውን ጥለው ሮጡ። ሲደርሱ ጓንጉል ድንጋዩን ታቅፎ ያለቅሳል። ደባልቄ ሲደነግጥ አፉ የለመደውን ተናገረ።

«ለዛሬ ይበቃል» አለ። «ነገ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።»

በቃሬዛ ቤቱ ሲያስገቡት ብርቄ ነጠላዋን እያጣፋች ደረሰች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ያ ሰውዬሽ አሸኝ።»

«የቱ ሰውዬዬ?»

«ደባልቄ ነዋ! ያሻል አላልሽኝም?»

«ቆዳ ነዋ የሚያሸው! ቆዳ!»

«የእኔን እንደ ሐር አደረገው አላልሽም?»

«የፍየል ቁርበቴን!»

ጓንጉል ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔ ባልሽን መስሎኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ባሌን?» አለች ብርቄ። «ባሌን ማን እንደ ሐር ሊያደርገው ነው፣ ሞኙ!» ሳቋን ለመያዝ ብትሞክርም አልቻለችም። ስታበቃ ግን ሳይጫን ደጅ የቀረውን ገብስ አየችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

በማግስቱ ደባልቄ መጣ። ከደጃፉ ውጪ ቆመ። አዲስ የለፋ አጎዛ በክንዱ ይዟል።

«ልነግርዎት ነበር» አለ ከውጪ።

«ነበር» አለ ጓንጉል። «ያላስጨረስኩህ እኔ ነኝ።»

«ዝም ማለት አልነበረብኝም። ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ አያውቅም፣ እና...» አልጨረሰውም።

ጓንጉል ይህን ጊዜ አላቋረጠውም። «ግባ እንጂ» አለው በመጨረሻ፣ «ደጅ ቆመህ ብርዱን ታስገባብኛለህ።» ደባልቄ ጎንበስ ብሎ ገባ። አጎዛውን ከሥሩ አነጠፈለት።

እሁድ ወጌሻ መንበሩ ተመለሱ። እጃቸውን ከማሳረፋቸው በፊት አንድ ሰዓት ያህል ጠየቁት፤ እንዴት እንደ ወደቀ፣ ምን እንደሚሰማው፣ እግሩ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ሽንቱ እንዴት እንደሆነ።

«እግርህ ቢደነዝዝ ኖሮ እኔም አልነካህም፣ ሐኪም ቤት ነበር የምሰድህ» አሉ። «ሰውየው ከማን ነው የተማረ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ከአንተ በፊት ማንን አሸ?»

ጓንጉል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «የብርቄን ፍየል» አለ።

ወጌሻ መንበሩ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና ወገቡን በሰፊ ጨርቅ ጠቀለሉት። «መተኛት ነው» አሉ። «በቅሎ የሚባል ነገር እንዳታስብ።»

«አርባው እኮ ቅዳሜ ነው፣ ወጌሻ።»

«ይሁና» አሉ ሽማግሌው።

ቅዳሜ ደረሰ። ጓንጉል ብርቄን ለምኖ አልጋውን ወደ በሩ አስጠጋ። ጠዋት ቆርቆሮው ብልጭ አለ። ቀን ላይ የሰው ድምፅ የሚሰማው እየመሰለው ጆሮውን አቀና፤ ከዚያ ድረስ ግን ነፋስ እንጂ ድምፅ አይመጣም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ያንን ስም በከንፈሩ ሲለው ዋለ።

ማክሰኞ የእናኑ ባል ወንድም ከማዶ መጣ። ወጌሻ መንበሩ ጨርቁን ሊቀይሩ መጥተው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ማን ስም አወጣለት?» አለ ጓንጉል፣ ሰላምታውን እንኳ ሳያስጨርስ።

«ራሷ ናት» አለ መልእክተኛው። «ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስን ጀምሮ ሕፃኑን ታቅፋ ገደሉን ስታይ ዋለች። ድግሱ ቀዘቀዘ፣ እንግዳው ጠበቀ። እናታችን መጡና ‹በይ እንግዲህ፣ መሸ› አሏት። ‹ይደርሳል› አለች። ‹ኧረ መሸ፣ አይደርስም ልጄ› አሏት። ‹ስሙን ነው› አለች። ‹ስሙ ይደርሳል ነው።›»

ጓንጉል ለአርባ ቀን አፉ ውስጥ የያዘውን ስም ዋጠው። «ይደርሳል» አለ ለሙከራ። እንደገና «ይደርሳል» አለ። ከዚያ በክርኑ ተደግፎ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«መቼ ነው የምሄደው፣ ወጌሻ?»

«በሁለት ወር። ያውም በእግርህ፣ ቀስ እያልክ።»

«ሁለት ወር!» ጓንጉል ወደ በሩ አየ፣ ወደ ማዶው አየ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዘንበል ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይቆጡኝና ወጌሻ፣ ውኃ ቀጂዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ከዋርካው ሥር አንድ አዲስ ሰው መጥቷል አሉ። በአንድ ቀን ቀጥ ያደርጋል አሉ። እሱም ያሻል አሉ።»

ወጌሻ መንበሩ የያዙትን ጨርቅ ጫፍ እስከ ጫፍ ጠቅልለው ጨረሱና ሳያዩት እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ጓንጉል፣ ‹ያሻል› ቢሉህ ‹ምን ያሻል?› በል።»