ሁለተኛው ዓይን

ድሮ ድሮ፣ የኔ አያት ገና በአያታቸው ጉልበት ላይ በሚቀመጡበት ዘመን፣ ሩቅም ቅርብም ባልሆነ አንድ አገር ተካልኝ የሚባል ሠዓሊ ነበረ። በዚያ አገር ልማድ ጻድቅ ሲሣል ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው ግን ወደ ጎን ዞሮ ባንድ ዓይኑ ይቀራል። ጻድቃኑን የሚሥሉ ሌሎች ነበሩ፤ ተካልኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሣለው ሰይጣንና ከሃዲ ብቻ ነው። ይህን ሲሥል ልቡም አብሮ ጠቆረ። የሚያምነው ሚስቱን ስንዱን ብቻ ነበር፤ እሷንም ጠላው የቀጠነ ቀን ይጠረጥራታል።

አንድ ቀን የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ጎንጤ አስጠሩት። ከበቅሏቸው የማይወርዱ፣ ቀና ብሎ ያያቸውን የሚያስገርፉ ሰው ነበሩ።

"የአገሬን ሰው ሁሉ አዲሱ አዳራሼ ግድግዳ ላይ ሣልልኝ፤ እኔንም ጨምር" አሉት። "ደጉን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን ባንድ ዓይን። ባለ አንድ ዓይኑ በፋሲካ ማግስት አገሬን ይለቃል። አንድ ክፉ ቢያመልጥህ ቀኝ እጅህን አስቆርጣለሁ።"

አዋጅ ነጋሪውም ነጋሪቱን ጎሰመ። "ግድግዳው ላይ ባለ አንድ ዓይን የሆነ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አገር ይልቀቅ!"

ተካልኝ አልከበደውም። "ክፉ በሞላበት አገር" ብሎ ቀለሙን በጥብጦ፣ የሚሥልበትን ብራና ይዞ ወጣ፤ ማታ ማታ ግድግዳው ላይ ይገለብጠዋል።

መጀመሪያ አረፋ እየሞላች የምትሸጠውን ጠላ ሻጭ አልጣሽን ሊሥል ሄደ። አንድ ዓይን ሣለ። ቀና ሲል ጥርስ የሌለው አንድ ሽማግሌ መጣ። አልጣሽ አረፋውን በትንፋሿ ገፍታ ዋንጫውን እስከ አፉ ሞላችለት፤ ዋጋም አልጠየቀችው። ከኋላዋ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ተካልኝ ቀይ ቀለምን ለገሃነም እሳት ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እንዲህ እንደሚያምር አላስተዋለም ነበር። ቆም አለ። ሁለተኛውን ዓይን ጨመረ።

በማግስቱ ዶሮ ሌባው ይርዳው ዘንድ ሄደ። አንድ ዓይን ሣለ። ቀና ሲል ይርዳው በጎረቤቱ ማሽላ መሃል ወንጭፍ ይዞ ወፍ ያባርራል።

"ማን ጠብቅ አለህ?" አለው ተካልኝ።

"ባለቤቱ ታሟላ። ወፍ ደግሞ ሌባ ነው። እኔ ሌባ አልወድም።"

ተካልኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቆም አለ። ሁለተኛውን ዓይን ጨመረ።

በሦስተኛው ቀን በድንበር ሰባት ዓመት የከሰሰውን ጎረቤቱን ቢራቱን ሊሥል ሄደ። አንድ ዓይን ሣለ።

"ምን ታፈጥብኛለህ?" አለ ቢራቱ።

"ልሥልህ ነው።"

"እኔን? እንግዲያ ቆየኝ፣ ፊቴን ልታጠብ።" ታጥቦ መጣና፣ ውሃው ከጺሙ እየተንጠባጠበ ቀጥ ብሎ ቆመ። ተካልኝ ይህን ፊት በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ አይቶት አያውቅም። ቆም አለ። ሁለተኛውን ዓይን ጨመረ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ወንዝ ዳር የተሰጣውን ልብስ፣ ዱባውን፣ አህያውን ሳይቀር ሣለ። እያንጎራጎረ ሲገባ ስንዱ ግራ ገባት።

"ምነው፣ ጠላ ቤት ዋሉ እንዴ?"

"አይ፣ ሰው ሳይ ዋልኩ።"

በፋሲካ ዋዜማ ግን ግድግዳውን አይታ አለቀሰች። "አንዱን እንኳ ባንድ ዓይን ያስቀሩት፣ እጅዎ እንዲተርፍ።"

"ማንን ላስቀር?"

ስንዱ ሰዉን አንድ በአንድ አሰበችው። "ማንንም አያስቀሩ" አለች።

ማግስቱን ሕዝቡ ተሰበሰበ። ፊታውራሪ በቅሏቸውን እስከ አዳራሹ ውስጥ ነዱ።

"ክፉዎቹ የታሉ?"

"ዞሬ ዞሬ አጣሁ፣ ጌታዬ።"

"ዶሮ ሌባው እንኳ ሁለት ዓይን? በል እጅህን ዘርጋ!"

ይህን ሲሉ ከመሃል የራሳቸውን ሥዕል አዩት። በበቅሎ ተቀምጠዋል፤ ወደ ጎን ዞረዋል፤ ዓይናቸው አንድ ነው። አዋጅ ነጋሪው የታዘዘውን እንጂ ሌላ የማያውቅ ሰው ነበርና፣ የነጋሪቱን መምቻ አነሳ። "አዋጁ ማንም ይሁን ማን ነው የሚለው፣ ጌታዬ። ልጎስም?"

"ቆይ አንተ! ተካልኝ፣ ምንድነው ይሄ?"

"ጌታዬ፣ እርስዎን የማውቀው በበቅሎ ሲያልፉ፣ ከጎንዎ ነው። ሌላውን ዓይንዎን አይቼው አላውቅም፤ ያላየሁትን ደግሞ አልሥልም። ወርደው ፊት ለፊቴ ቢቀመጡ እጨምረዋለሁ። ቀለሙ አልደረቀም።"

ፊታውራሪ ነጋሪቱን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ። ወረዱ። በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ዓይናቸውን አየ፤ እሳቸውም የሰዉን አዩ። ተካልኝም አልቸኮለም፤ ለአንዲት ዓይን እስከ ቀትር አስቀመጣቸው።

"አልጨረስክም?"

"አዋጁ ሲሻር ያልቃል፣ ጌታዬ።"

"ተሽሯል በቃ" አሉ፤ ከንፈራቸውም ወደ ፈገግታ ሄደ።

አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። አልጣሽ ጠላዋን ይዛ መጣች፤ አረፋ የለውም። ስንዱ የባሏን ቀኝ እጅ ይዛ ቀኑን ሙሉ አልለቅ አለች፤ ምሳውንም በጉርሻ በላ።

ልጆቼ፣ እኔ የሣልኩትን ሣልኩ፤ የቀረውን እናንተ ቀቡት። እንዲህ የሚባለውም ለዚህ ነው፦

ሰውን ከጎን ያየ፣
አንድ ዓይና ነው አለ።