ባለ ባጃጁ ጅብና የአባባ ኤሊ ስም

አንድ ጊዜ፣ ጅቦች በጨለማ መንከራተት ታክቷቸው በቀን ሥራ መፈለግ በጀመሩበት ዘመን፣ አንድ ወጣት ጅብ ባጃጅ ገዛ። ዋጋዋ ሠላሳ ቅልጥም ነበር። ያንን ለማጠራቀም ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ቅልጥም አጠገቡ አስቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ምራቁን እየዋጠ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ ጅብ ያልሆነ አያውቀውም። ባጃጇ እጁ የገባች ዕለት ሦስት ጊዜ ዞራት፣ አሸተታት፣ ጎማዋንም በጥርሱ ሞከር አደረገ። ወዲያው አፍሮ ግራ ቀኙን አየ።

«ተው እንጂ፤ አሁን እኮ ባለ ንብረት ነህ» አለ ለራሱ።

ሐሳቡ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የቅዳሜ ገበያ መንገደኛ ማመላለስ ነበር። መንጃ ፈቃድም አውጥቷል። ነገር ግን አንበሳ ያወጀው ሕግ አለ፦ የመድን ወረቀት ሳይኖረው ድልድዩን የተሻገረ ባጃጅ ይወረሳል። ስለዚህ ጅቡ በማግስቱ ጠጉሩን በምራቁ አስተኝቶ መድን ቤት ሄደ።

ከመስኮቱ በስተጀርባ ጃርት ተቀምጧል። ጃርት እስክሪብቶ አይገዛም፤ መጻፍ ሲፈልግ ከጀርባው አንድ እሾህ ይነቅላል። በነቀለ ቁጥር ስለሚያመው ባለ ጉዳይን በፈገግታ ተቀብሎ አያውቅም።

«ደህና አደሩ ጋሼ ጃርት? መድን ልገባ ነበር» አለ ጅቡ።

«ዕድሜ?»

«አምስት ዓመት ሊሞላኝ ስድስት ወር ቀረኝ።»

«አራት» ብሎ ጻፈ ጃርት። «ምንድን ነህ?»

«ጅብ ነኛ። ይታያል እኮ።»

«የሚታየውንም መጠየቅ አለብኝ። መነሻው ዐሥር ቅልጥም ነው። አምስት ዓመት ስላልሞላህ እጥፍ፣ ሃያ። ጅብ ስለሆንክ ደግሞ የዚያ እጥፍ። አርባ።»

ጅቡ በጣቶቹ ቆጠረ፤ ጣቶቹ አልበቁትም፤ ጥርሶቹን ጨመረ። «ባጃጇ ራሷ የተገዛችው በሠላሳ ነው» አለ።

«ይሆናል።»

«እንግዲያው ብትጠፋ ይረክሰኛል ማለት ነው?»

«ብዙዎቹ እንደዚያ ይላሉ።»

«እሺ፣ እንዲቀንስልኝ ምን ላድርግ?»

«ሁለት ዓመት ያለ አደጋ ንዳ።»

«ያለ ወረቀት እንዴት እነዳለሁ?»

«አትነዳም።»

«ካልነዳሁ እንዴት አድርጌ ነው ሁለት ዓመት ያለ አደጋ የምነዳው?»

ጃርት እሾሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ልጄ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ እኔ ማንበብ ብቻ ነው ሥራዬ። ከፈለግህ ደግሞ አምስት ዓመት ሲሞላህ ተመለስ። ቀጥሎ ያለው ይምጣ።»

ጅቡ ሆዱ ብሶት ወጣ። ስድስት ወር! ባጃጇን እያየ ስድስት ወር መቀመጥ ቅልጥሙን እያየ ከመተኛት የባሰ መሰለው። ከሁሉም በላይ ያቃጠለችው ግን «ጅብ ስለሆንክ» የምትለዋ ናት። ማንንም ሳይገጭ፣ ማንንም ሳይበላ ጥፋተኛ ተደረገ። ቢሆንም ጥቂት እንደሄደ ቆም አለና በሐቅ አሰበ፤ እሱ ራሱ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ አንድ ጅብ ባጃጅ እነዳለሁ ብሎ ቢመጣበት፣ ስልሳ ቅልጥም ብሎ መስኮቱን ይዘጋበት ነበር።

ከመድን ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ቀበሮ ተጋድሟል። ሥራው ድለላ ነው፤ የሚደልለውም እያለቀሱ ከመድን ቤት የሚወጡትን ነው።

«ወንድሜ፣ አርባ አሉህ አይደል?» አለው።

«ማን ነገረህ?»

«ፊትህ። ና እስቲ ተቀመጥ። ጥፋቱ የአንተ ሳይሆን የስምህ ነው። ለምን በራስህ ስም ታጽፋለህ? ዕድሜው የገፋ፣ ጭምት፣ አደጋ አድርሶ የማያውቅ ሽማግሌ ፈልግና አሽከርካሪው እሱ ነው ተብሎ ይጻፍ። መንዳቱን አንተ ትነዳለህ።»

«እንዲህ ያለ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?»

ቀበሮ በአፍንጫው ወደ መንገዱ ጠቆመ። አባባ ኤሊ እየመጡ ነበር። ለፋሲካ ገበያ ብለው ከቤታቸው የተነሡ ናቸው፤ አሁን ፍልሰታ ገብቶ ገና እዚህ ደርሰዋል።

«ዘጠና ዓመታቸው ነው» አለ ቀበሮ። «በዘጠና ዓመት ውስጥ አንዲት ነገር ገጭተው አያውቁም።»

«ነድተውስ ያውቃሉ?»

«እሱን ደንቡ አይጠይቅም።»

ጅቡ የሰማውን ማመን አቃተው። እንዴት ይህን እስከዛሬ አላሰበም? ሮጦ ወደ አባባ ኤሊ ሄደና ነገሩን አስረዳቸው። እሳቸው ከሰሙት ሁሉ የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ገበያ ታደርሰኛለህ?» አሉ።

«በየሳምንቱ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ምን ቸገረኝ» አሉና ተነሥተው ወደ መስኮቱ ጉዞ ጀመሩ። ጅቡ ትዕግሥቱ ስላለቀ ተሸክሟቸው ሄደ።

ጃርት ኤሊውን አየ፣ ጅቡን አየ፣ ከዚያ ደንቡን አየ። ደንቡ ስለ እግር ርዝመት የሚለው ነገር አልነበረም። ከመነሻው ዐሥር የሽምግልናውን ሁለት ቀንሶ፣ ስምንት ቅልጥም ተቀብሎ ወረቀቱን ሰጠ። ቀበሮ ለድካሙ ሰባት ወሰደ። ጅቡ አርባውን ዐሥራ አምስት በማድረጉ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲጨባበጥ ዋለ። «ጅብ ሞኝ ነው ይላሉ። መጥተው ይዩኛ» እያለ።

ቅዳሜ ማለዳ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ አህያ ሆነች። አህያ ዕድሜዋን ሙሉ ጨው በጀርባዋ ጭና ገበያ የምትወጣ ነጋዴ ናት፤ ዘንድሮ ግን ጉልበቷ እንቢ ብሏታል። ሁለት ከረጢት ጨው አጠገቧ አቁማ ባጃጅ ስትጠብቅ፣ የቆመላት ባጃጅ ውስጥ ጅብ አየች። አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«አንተ ልጅ፣ እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?» አለችው።

«ይግቡ እትዬ አህያ። መድን አለኝ።»

«መድኑ የሚከፍለው ከበላኸኝ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

ጅቡ የመድኑን ወረቀት አገላብጦ አየ። ይህን ጃርትም አልነገረውም። ያን ጊዜ አባባ ኤሊ ከጅቡ ጭን ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ግቢ ልጄ። እኔም አለሁ» አሏት።

አህያ እሳቸውን ስታይ ልቧ ረጋ፤ ከረጢቶቿን ጫነችና ከኋላ ተቀመጠች። ጅቡ በመስታወት አያት። አህያ፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ጅብ ጀርባ ተቀምጣ ሻሿን ታስተካክላለች። ከዘር ማንዘሩ ይህን ያየ የለም። ምንም ቢሆን ይህችን እናት በሰላም አደርሳታለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

ድልድዩ ላይ ጠባቂው ዝንጀሮ ወረቀቱን አነበበ። አሽከርካሪ ኤሊ ይላል። መሪው ላይም የኤሊ እጆች ተቀምጠዋል። ከነሱ በላይ ያሉት የጅብ እጆች ወረቀቱ ላይ ስላልተጻፉ እንዳላየ ሆኖ አሳለፋቸው።

ከድልድዩ በኋላ ሰባት ጠመዝማዛ ያለው ዳገት አለ። እውነቱን ለመናገር ጅቡ ሰባቱንም አሳምሮ አለፋቸው። አህያ እንኳ «ልጁ ይችላል» ስትል ሰማት። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ግን ነፋሱ ዞረ። ከታች፣ ከወንዙ ዳር፣ ሦስት ቀን የሆነው የሞተ በሬ ሽታ መጣ። ጅቡ ልዙር ብሎ አላሰበም። መጀመሪያ አፍንጫው ዞረ፣ አፍንጫውን አንገቱ ተከተለ፣ አንገቱን እጆቹ፣ እጆቹን ባጃጇ።

ቁልቁለቱን ተንሸራተው ወንዙ ውስጥ ሲወድቁ የተጎዳ የለም። አህያ በመቀመጫዋ ጭቃ ላይ ተቀመጠች፤ አባባ ኤሊ የድንጋይ ልብሳቸው ውስጥ ገብተው ዘጉ። የባጃጇ የፊት ጎማ ግን ተጣሞ ነበር፤ ሁለቱ ከረጢቶችም ተቀደው ጨዉ በውኃው ላይ ነጭ ሆኖ እየሄደ ነው። አህያ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ጨዉ እስኪያልቅ ዝም ብላ አየችው። ጅቡ ብትራገጠው ይሻለው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጃርት ሊመረምር መጣ። «ማን ነው የነዳው?» አለ።

ጅቡ የተጣመመውን ጎማ አየ፣ ባዶውን ከረጢት አየ። «አባባ ኤሊ ናቸው» አለ በቀጭን ድምፅ። «ወረቀቱም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ጥሩ። እሳቸው ከነዱ መድን ቤቱ ጨዉንም ባጃጇንም ይተካል።» ጃርት ከልብሳቸው ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ አባባ ኤሊ አልወጡም። ዘጠና ዓመት የኖሩበትን ስም በአንድ ጠዋት አበላሽተው ወጥተው ማንን ያያሉ?

ጃርት ወደ ዳገቱ ወጥቶ የጎማውን ፋና አንድ በአንድ ተከተለና ተመለሰ። ለራሱ የሚናገር መስሎ እንዲህ አለ፦ «ሠላሳ ዓመት ስመረምር እንዲህ ያለ አነዳድ አላየሁም። ሰባት ጠመዝማዛ፣ በዚያ ፍጥነት፣ አንዲት ጠጠር ሳይፈናቀል። መጨረሻዋ ትንሽ ብትበላሽም እኚህ ሽማግሌ መሸለም አለባቸው።»

ጅቡ ጉሮሮውን አከከው።

«ስማቸው በመድን ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል» አለ ጃርት። «ወጣቶች እንዲማሩበት።»

ጅቡ ከንፈሩን ነከሰ። የእሱ ከንፈር ሲነከስ ደግሞ ቀላል አይደለም።

«ነገሩማ» ብሎ ቀጠለ ጃርት፣ «መሪው ላይ ጅብ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ነበር የሚገለበጠው።»

«የመጀመሪያው ላይ?» አለ ጅቡ። «ሰባቱንም ያለፍኳቸው እኔ ነኝ። እሱም በአንድ እጄ ነው፤ በሌላው አባባ ኤሊን ይዤ ነበር።»

አባባ ኤሊ ቀስ ብለው አንገታቸውን አወጡ። «እውነቱን ነው» አሉ።

ጃርት አንድ እሾህ ነቀለ፤ እንደ ልማዱ ፊቱን አኮሳተረና ጻፈ። ጅቡ የተናገረው ወደ ጆሮው ተመልሶ እስኪገባ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ሳቀ። ጅብ ሲስቅ ክፋት ይመስላል፤ እሱ ግን በራሱ ነበር የሚስቀው፤ ዐይኑም እንባ አቅርሮ ነበር። «እትዬ አህያ» አለ፣ «ጨውዎን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ቢሆን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ከጉራዬ በኋላ መጣ።»

መድን ቤቱ ምንም አልከፈለም። የአህያ ጨው እስኪተካ ድረስ ባጃጇ መድን ቤቱ ግቢ ውስጥ እንድትታሰር ተወሰነ። ቀበሮም ተፈለገ፤ ሰባቱን ቅልጥም ይዞ አገር ለቋል። ስለዚህ ጅቡ ከመስከረም እስከ የካቲት ጨው ከሚወጣበት ሐይቅ እስከ ገበያው ድረስ በጀርባው ጨው ተሸከመ። አህያ ከኋላው ባዶዋን እየሄደች ትነዳው ነበር። ትርኢቱን ለማየት መንደሩ ሁሉ ወጣ። ጅቡም መንደርተኞቹ ከመናገራቸው በፊት እሱ ይቀድማቸዋል፦ «ግቡ፣ መቀመጫ አለ። ነዳጅ አልጠጣም፣ መሪዬ ግን ከኋላ ነው።»

ሽታ በመጣ ቁጥር አንገቱ መዞር ይጀምራል፤ አህያም «ወደ ፊት» ትለዋለች። ከወራት በኋላ እሷ ሳትናገር ራሱ «ወደ ፊት» ማለት ጀመረ። አንዳንድ ጊዜ ጮክ ብሎ፣ አንዳንድ ጊዜ እያለቀሰ።

ጨዉ በተተካ ማግስት ሁለቱ አብረው መድን ቤት ሄዱ።

«ዕድሜ?» አለ ጃርት።

«አምስት ሞላኝ።»

«የወጣትነቱ ይነሣል። አደጋ አድርሰሃል፤ የአደጋው ይገባል። የጅብነቱ እንዳለ ነው።» ደምሮ ቀና አለ። «አርባ።»

ጅቡ መስኮቱን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ዝም ብሎ ቤቱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሃያ ነበር የሚባለው። እጅግ ብልጥ ለመሆን ስድስት ወር ጨው ተሸከመ። ባጃጇን ሊያይ ወደ ግቢው ሲዞር አህያ በግንባሯ መለሰችው።

«ዋስ ቢኖረውስ?» አለች ጃርትን።

«ጅብ የሚዋስ ከየት ይመጣል?»

«እኔ እዋሰዋለሁ።»

ጃርት ደንቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠ። የሚከለክል አጣ። እሾሁን ነቀለና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ሳያኮሳትር፣ ሃያ ብሎ ጻፈ። አህያ ኮቴዋን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ለአንተ አንድ ቃል አለኝ» አለችው ወደ ጅቡ ዞራ። «ስትነዳ አፍንጫህን ታስራለህ።» ሻሿን ፈትታም ሰጠችው።

የባጃጇ ጎማ ከተጠገነበት ጊዜ ጀምሮ ጅቡ አፍንጫውን በሻሽ ጠፍንጎ ይነዳል። አዲስ የሚሳፈሩ «ጥርስህን አሞህ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም ከመንገዱ ሳይዞር፣ «ጥርሴ ደህና ነው። ዋስ የተጠራበት አፍንጫዬ ነው» ይላቸዋል።

ከዚህ የምንማረው ልጅነታችን ጥቂት ብንታገሠው በራሱ ጊዜ የሚለቀን ሲሆን፣ እሱን ለማምለጥ በሰው ስም ተደብቀን የሠራነው ጥፋት ግን በገዛ ስማችን ተጽፎ እንደሚጠብቀን ነው።