ማን አያችሁ?

አንድ ሰው ነበረ። ከብቱ ብዙ ነው፤ ልጁ ግን አንድ ወንድ ብቻ። መንደሩ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሲመሻሽ ገደሉ አንዳንዱን ወጣት በስሙ ይጠራል። ሌላው ምንም አይሰማም።

የአንዲት መበለት ልጅ «ይጠራኛል» ብላ በግልጽ ተናገረች። እናቷ ከተማ ወስዳ አሳከመቻት። መድኃኒቷን ስትወስድ ከረመች፤ ጥሪውም ራቃት። ሰዉም ራቃት። ባለጠጋው ነው አስቀድሞ የተነሣው፤ «እብድ ከልጆቻችን ጋር ውሃ አትቀዳም!» አለ። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ገደሉ አጠገብ ካለች ምንጭ ትቀዳ ጀመር።

አንድ ቀን እራት ላይ ልጁ፣

«አባባ፣ ያቺን ልጅ የጠራት ድምፅ ምን ይመስል ነበር?» አለው።

«እኔ ምን አውቄ! እሱ የሚጠራው የእብድ ዘር ነው። ይልቅ ብላ።»

ጉርሻው በልጁ እጅ ላይ ቀረ።

ጥቂት ሰነበተ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቱ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ልጁን አየችው። ዓይኑ ሳይርገበገብ ወደ ገደሉ ይሄዳል። እንስራዋን ጥላ እጁን ያዘች።

«እኔንም እንዲሁ ነበር የሚለኝ። ና፣ ለአባትህ እንንገር። ሐኪሙ ያውቀዋል።»

ልጁ አለቀሰ። ተከተላት።

አባትየው በሩ ላይ ቆሟል። ልጁን አየ። እጅ ለእጅ መያያዛቸውንም አየ። ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ማን አያችሁ?» አለ።

ልጁ ቀስ ብሎ እጁን ከእጇ አወጣ። «ማንም» አለ። ገብቶ ተኛ።

ሲነጋ መኝታው ቀዝቅዟል። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋቢው ገደሉ አፋፍ ላይ ተገኘ፤ እሱ ግን አልተመለሰም።

አሁን ሲመሻሽ አባትየው ይሰማል። ገደሉ እሱን በስሙ አይጠራውም። በልጁ ድምፅ፣ ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ማን አየኝ?» ይለዋል። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር?

እንግዲህ አንተዬ፣ «ልጄ ከአእምሮ ሐኪም ቤት ተመልሳለች፤ ሰው ሳያያት ጓዳ ላቆያት ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ገደሉ ሕመሙ ነው፤ ሕመም የማንንም ልጅ ይጠራል። የሚመልስ እጅም ነበረ። ያን እጅ ያስለቀቀው ግን ሕመሙ አይደለም፤ የአባት አንድ ቃል ነው። ልጅህ ደጅህን ስትረግጥ መጀመሪያ ያየኸው እሷን ነው ወይስ ጎረቤቱን?

ሂድ፤ ጓዳውን ተውና በርህን ክፈትላት። የጎረቤትህም ልጅ ገደሉ ሲጠራው ይሰማ ይሆናል፤ ዝም ብሎ ያንተን በር እያየ ነው።