ምድጃው አልነድ አለ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያውሰኝ፣ የደከመው ትራሱን ያስተካክል። በስዊድን አገር፣ ከከተማ ርቆ፣ ጫካ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ቀይ የእንጨት ቤት ነበረ። የኖሩበት ገበሬዎች ሞተው፣ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው፣ ጣሪያው ሽበት አብቅሎ ነበር። ይህን ቤት ትርንጎ የምትባል የአውቶቡስ ሾፌር ገዛችው። ሰው ሁሉ "አብደሻል ወይ?" አላት። አላበደችም። እናቷ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን የቀሩትን አባቷን፣ አቶ አንዳርጌን፣ ከጎጃም አምጥታ ፎቅ ላይ ብታስቀምጣቸው፣ "ልጄ፣ እንደ እርግብ ሰቀልሽኝ እኮ! እግሬ መሬት ይርገጥ" ስላሏት ነው።

ቁልፉን በተረከበችበት ቀን አንድ ትንሽ ነገር ሆነ። ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤቷ፣ እትዬ ጉንቮር፣ ሄል ያለበት ትኩስ ዳቦ በሰሃን ይዘው መጡ። ትርንጎ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ከአገሯ ከወጣች ቆይታለች፤ መግደርደሩ ግን አልወጣላትም። እንደ ወጉ "አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ" አለችና "ኧረ በሞቴ" እስክትባል ጠበቀች። እትዬ ጉንቮር "እሺ" አሉና ዳቦውን ይዘው ሄዱ። ትርንጎ ዳቦውን በዓይኗ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችው።

አቶ አንዳርጌ መሬቱን ረገጡት፣ ወደዱት። ቤቱ ግን ይቀዘቅዛል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ጉልበት ያሞቃል እንጂ ጀርባ አይደርስም። እሳቸውም ሻንጣቸውን ሳይፈቱ በሩ ጥግ አቆሙትና፣ "እኔ እሳት የሌለበት ቤት አላርፍም። በረዶ ሳይጥል ምድጃው ከነደደ ነደደ፤ አለዚያ ወደ አገሬ መልሺኝ" አሉ። እዚያ ማን ይጠብቃቸዋል? ማንም። ትርንጎ ያን ሻንጣ ባየች ቁጥር ዓይኗን ታሸሽ ነበር። የምትፈልገው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ምድጃው እንዲነድላት።

እንጨት ፈልጣ፣ ክብሪት ጭራ፣ "ምድጃ ሆይ፣ ንደድልኝ፤ አባቴ በረዳቸው" አለች። ምድጃው፣ "ጭስ ማውጫው ካልሳበልኝ አልነድም" ብሎ ጭሱን ፊቷ ላይ ተፋባት።

ወጥታ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች። "ጭስ ማውጫ ሆይ፣ ሳብለት። ምድጃው አልነድ አለ፤ አባቴ በረዳቸው።" ጭስ ማውጫው፣ "ጉሮሮዬ ውስጥ ቁራ ጎጆ ሠርቷል። ጠራጊው ካልጠረገኝ አልስብም" አለ።

ጠራጊው ጥቁር የለበሰ ረጅም ሰው ነው፤ በዚያ ሰፈር ያለ እሱ ፈቃድ እሳት አይለኮስም። "ጠራጊው ሆይ፣ ጥረግልኝ። ጭስ ማውጫው አልስብ አለ፤ ምድጃው አልነድ አለ፤ አባቴ በረዳቸው።" ጠራጊው ባርኔጣውን አንስቶ፣ "መሰላል ካልቆመልኝ አልወጣም፤ የልጆች አባት ነኝ" አለ። እውነቱን ነው፤ ምን ይፈረድበታል?

ትርንጎ ከጎተራው አንድ ረጅም መሰላል ጎትታ አወጣች። "መሰላል ሆይ፣ ቁምለት። ጠራጊው አልወጣ አለ፤ ጭስ ማውጫው አልስብ አለ፤ ምድጃው አልነድ አለ፤ አባቴ በረዳቸው።" መሰላሉ፣ "የት ልቁም? ግድግዳው ሥር ያን የሚያህል ዛፍ ተጋድሟል። ዛፉ ካልተነሳልኝ አልቆምም" አለ።

"ዛፍ ሆይ፣ ተነሳለት። መሰላሉ አልቆም አለ፤ ጠራጊው አልወጣ አለ፤ ጭስ ማውጫው አልስብ አለ፤ ምድጃው አልነድ አለ፤ አባቴ በረዳቸው።" ዛፉ፣ "ነፋስ ከጣለኝ ወዲህ ተመችቶኛል። ትራክተር ካልጎተተኝ አልነሳም" አለ፣ ሰነፍ! ብትገፋው፣ ብትስበው ንቅንቅ አላለም። አቶ አንዳርጌ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በመስኮት ብቅ ብለው፣ "ኧረ ወገብሽን ልጄ! ተዪው፣ እኔው ልሂድ" አሉ። ትርንጎ ፊቷን አዙራ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ትራክተር ያለው እትዬ ጉንቮር ግቢ ነው። "ትራክተር ሆይ፣ ጎትተው። ዛፉ አልነሳ አለ፤ መሰላሉ አልቆም አለ፤ ጠራጊው አልወጣ አለ፤ ጭስ ማውጫው አልስብ አለ፤ ምድጃው አልነድ አለ፤ አባቴ በረዳቸው።" ትራክተሩ፣ "እኔ ምን አውቄ! እትዬ ጉንቮር ካላስነሱኝ አልጎትትም" አለ።

ሰማዩ አመድ መስሎ ዝቅ ብሏል። ትርንጎ የእትዬ ጉንቮርን በር አንኳኩታ ሳትተነፍስ ዘረገፈችው። "እትዬ፣ ያስነሱልኝ። ትራክተሩ አልጎትት አለ፤ ዛፉ አልነሳ አለ፤ መሰላሉ አልቆም አለ፤ ጠራጊው አልወጣ አለ፤ ጭስ ማውጫው አልስብ አለ፤ ምድጃው አልነድ አለ፤ አባቴ በረዳቸው!"

እትዬ ጉንቮር በሩን ገርበብ እንዳደረጉ፣ "ትራክተሩ አርጅቷል" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "አንቺ ከእኔ ቤት የሚወጣ ነገር የማትፈልጊ መስሎኝ ነበር" አሉ።

"እኔ? መቼ እትዬ?"

"ዳቦ ይዤ ስመጣ ነዋ። ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ ለሰው ስጋግር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። አይ አልሽኝ። እኔ አይ ያለኝን ሰው አላስቸግርም።"

ትርንጎ ክው አለች። "እትዬ፣ በእኛ አገር ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ ይግደረደራል። ወዲያው እጁን ከዘረጋ ሆዳም ይባላል። ጋባዡ ነው ደጋግሞ የሚለምነው። እኔ እኮ እስኪለምኑኝ እየጠበቅኩ ነበር። ርቦኝ ነበር!"

"በእኛ አገር ደግሞ አይ ያለን ሰው መልሶ መለመን ነውር ነው" አሉ እትዬ ጉንቮር።

ከዚያ ትርንጎ በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ፊቷ በሃፍረት እየጋለ፣ "ዛሬም ርቦኛል። ከዚያ ዳቦ ካለ ይስጡኝ" አለች።

አለ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ በላችው፤ ደግሞም "ይድገሙኝ" አለች። እትዬ ጉንቮር ስትበላ አይተው አልጠገቡም። በመጨረሻ አፍንጫቸውን ጠረግ አድርገው የትራክተሩን ቁልፍ ከምስማሩ አነሱ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ትርንጎ ዳቦውን በላች፤ እትዬ ጉንቮር ትራክተሩን አስነሱ፤ ትራክተሩ ዛፉን ጎተተ፤ ዛፉ ቦታውን ለቀቀ፤ መሰላሉ ቆመ፤ ጠራጊው ወጣ፤ ቁራውን ይቅርታ ጠይቆ ጠረገ፤ ጭስ ማውጫው ሳበ፤ ምድጃው ነደደ፤ አቶ አንዳርጌም ሞቃቸው። ውጭ በረዶው መጣል ጀመረ።

አቶ አንዳርጌ ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው፣ "ተመስገን! ያችን ሴትዮ እግዜር ይስጥልኝ። በይ ጥሪያት፣ ራት ትብላ" አሉ። እትዬ ጉንቮር መጡ፤ ሰሃን ሲቀርብላቸው ግን፣ "አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ" አሉ። አቶ አንዳርጌ ቋንቋውን አያውቁም፤ የእትዬ ጉንቮር እጅ ሲወዛወዝ አይተው ግን ነገሩ ገባቸው። "በሞቴ! ኧረ በሞቴ!" አሉ።

"ምን እያሉ ነው?" አሉ እትዬ ጉንቮር።

"ካልበሉልኝ እሞታለሁ ነው የሚሉት" አለች ትርንጎ።

እትዬ ጉንቮር ደንግጠው ማንኪያውን አነሱ። ከዚያ በኋላ ማንም አልለመናቸውም፤ ራሳቸው ጨመሩ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጉንቮር ጉልበታቸው ድረስ በረዶ ውስጥ ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ ሰሃን፣ ሰሃኑ ላይ ትኩስ ዳቦ። ትርንጎ አፏን ሳትከፍት "በሞቴ!" አሉ፣ ጮክ ብለው።

ትርንጎ እየሳቀች፣ ዓይኗም እንባ እያቀረረ፣ "እሺ" አለችና ተቀበለች። አባቷን ልትጠራ ዞር ስትል ሻንጣው የቆመበት የበሩ ጥግ ባዶ ነበር። አቶ አንዳርጌ ከጓዳ፣ "ልጄ፣ ይህን ኮት የት ልስቀለው?" ሲሉ ሰማቻቸው።

እኔም እዚህ ላይ ላብቃ፤ ያዳመጠ ሁሉ ይሙቀው።